ከውጭ ሊላክ የታሰበ ኤክሶስኬሌተን ስትሮክ ላለባቸው አባት ሐዋሳ ላይ ያገለግላል?

ታቦር_ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ለአባታችን ያገለገለ ኤክሶስኬሌተን ሊገዛ ነው። እግርና ወገብ ላይ ታስሮ በሞተር የሚያራምደውን ማሽን ማለቴ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢመክረን ብዬ ነው።

አባቴ 69 ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ72፣ ክብደታቸው 74 ኪሎ። ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። የግራ ጎናቸው ደካማ ነው፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ስለተጨበጡ ዕቃ አይዙበትም። ቤት ውስጥ በከዘራ ይሄዳሉ፤ የግራ እግራቸው ጣት መሬት ይጎትታል። ከሶፋ ለመነሳት ሰው ይፈልጋሉ። ሽንት ቤታችን ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ደግሞ 60 ሜትር ያህል ኮብልስቶን አለ።

ማሽኑ ይጠቅማቸዋል? የሚጠቅም ከሆነ ምን ምን መለካት አለብን? ባትሪውስ በእኛ መብራት ይችላል?

ፊዚዮ_አሞራ_ገደል፦

እህቴ፣ ወንድምሽ ክፍያውን ለጊዜው ያቆየው።

ኤክሶስኬሌተን እየተባሉ የሚሸጡት ማሽኖች ሥራቸው ለየቅል ነው። በቪዲዮ የሚታዩት ትልልቆቹ ሁለቱንም እግር ከዳሌ እስከ መርገጫ የሚይዙ ናቸው፤ ሪዎክ፣ ኢንዴጎ፣ ኤክሶ የሚባሉት። ሪዎክ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለቤት መጠቀሚያ ሲፈቀድ፣ የተፈቀደው ህብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ ከወገብ በታች ሽባ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ ያውም የሰለጠነ አጋዥ አብሯቸው እስካለ ድረስ። ተጠቃሚው በሁለት እጁ ሁለት ክራንች ይዞ ሚዛኑን የሚጠብቀው ራሱ ነው። ማሽኑ እግር ያነሳል፣ ይጥላል፤ ሰውዬው ወደ ጎን ሲያዘነብል ግን አይመልሰውም። አባትሽ በግራ እጃቸው ክራንች መጨበጥ ካልቻሉ የዚህ ዓይነቱ ማሽን ነገር እዚሁ ላይ ያበቃል። ሻጩ ስለ እጅ ሳይጠይቅ «ለስትሮክም ይሆናል» ካለ አትመኑት። ኤክሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለስትሮክም ተፈቅዷል፤ እሱ ግን ሠልጣኝ ባለሙያ ከኋላ ይዞ የሚያሠራው የተሃድሶ ክፍል መሣሪያ ነው፣ ቤት ውስጥ ለብቻ የሚለበስ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ዳሌ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀላሉ ነው። የሆንዳው 2.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕክምናና ለእንክብካቤ ተቋማት መከራየት ጀመረ። ጭንን በጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ እርምጃ ያረዝማል፣ ግራና ቀኙን ያመጣጥናል። የሚጎተት ጣት ግን አያነሳም። ከወንበር ለማስነሳትም አቅሙ አይደለም፤ ለመነሳት ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጉልበት ነው፣ ይህ ማሽን ደግሞ ጉልበት ላይ ሞተር የለውም።

ሦስተኛው የጹኩባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ የሠሩት ሃል ነው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ከጡንቻ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ሞተሩን ያዛል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ኤሌክትሮዱ ግን ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ይፈልጋል፤ በሐዋሳ ሙቀት ካላበ ይላላል፣ ምልክቱ ይዛባል። ጡንቻው በጣም የሚገታተር ሰው ላይ ደግሞ የማይፈለገውንም ምልክት ያነባል።

ስለ ጊዜውም ላንሳ። ከስትሮክ በኋላ በማሽን የታገዘ የእርምጃ ልምምድ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ሰብስቦ ሲመረምር፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሆን እንደሚጠቅም አይቷል፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ያሉና ጨርሶ መራመድ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። አባትሽ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ ይራመዳሉም። ለእርሳቸው የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች የጣቱ መጎተት፣ ከመቀመጫ መነሳትና ሽንት ቤቱ ናቸው፤ ሦስቱም ያለ ሞተር መፍትሔ አላቸው።

መጀመሪያ እነዚህን ለኩና እዚህ ጻፉልን፦

የ10 ሜትር ጉዞ። ደልዳላ ወለል ላይ 14 ሜትር ምልክት አድርጉ፤ የመጀመሪያውን 2 እና የመጨረሻውን 2 ሜትር ሳትቆጥሩ መሃሉን 10 ሜትር ብቻ በሰዓት ያዙ። በራሳቸው ፍጥነት፣ በከዘራቸው ይሂዱ። ከ25 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.4 ሜትር በታች ነው፤ በተለምዶ ይህ የቤት ውስጥ መንገደኛ ፍጥነት ነው።

ተነስቶ መመለስ። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ሲቀመጡ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለአረጋዊ ከ12 ሰከንድ በላይ ከሆነ የመውደቅ ሥጋት አለ። የስትሮክ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከዚያ ይበልጣሉ፤ እኛ የምንፈልገው ቁጥሩን ይዘን ከወር በኋላ ለማወዳደር ነው።

የደም ግፊት። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለካ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ማንኛውም የመቆም ልምምድ ሐኪም ሳያይ አይጀመር።

ቁርጭምጭሚት። በጀርባቸው ይተኙ። ጉልበቱ ተዘርግቶ እያለ መርገጫውን ቀስ ብላችሁ ወደ ቅልጥማቸው በኩል ግፉ፤ እግሩ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል ወይ? ከዚያ ጉልበቱን አጥፋችሁ ድገሙት። ቀስ ማለት ግዴታ ነው። በፍጥነት ከገፋችሁ ጡንቻው ይገታተራል፣ አንዳንዴም እግሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያኔ የተሳሳተ ልክ ትወስዳላችሁ።

ጄሶና_ፕላስቲክ፦

የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ጣቱ መጎተት እኔ ልጨምር፤ ለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሞከረው የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ነው። ከባት ሥር ጀምሮ ከእግር መዳፍ በታች የሚያልፍ ፕላስቲክ ነው፤ ጫማ ውስጥ ይገባል። በአካል ተሃድሶ ማዕከል ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል።

አሠራሩን ብታውቁት ስትረከቡ ጥራቱን ትለያላችሁ። እግሩ ላይ ስስ ካልሲ ተደርጎ በጄሶ ፋሻ ይጠቀለላል፤ ጄሶው እስኪደርቅ ባለሙያው የቁርጭምጭሚቱን ማዕዘን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ማዕዘኑ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ያ ቅርፊት በጄሶ ተሞልቶ የእግሩ ቅጂ ይወጣል፣ ይሞረዳል፤ አጥንት ጎልቶ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ጄሶ ይጨመራል። ከዚያ 4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፕላስቲክ እንደ መስታወት ጥርት እስኪል ምድጃ ውስጥ ሞቆ በላዩ ይለበጣል፣ አየሩ በቫኪዩም ይሳባል።

ሲረከቡ የሚታየው ጠርዙ ነው። የፕላስቲኩ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት አጥንቶች ፊት ካለፈ ድጋፉ ግትር ይሆናል፤ ከኋላቸው ከተቆረጠ ይለመጣል። ጡንቻው ለሚገታተርና ጉልበቱ ወደ ኋላ ለሚወረወር ሰው ግትሩ ይሻላል። እግሩ ዝም ብሎ ለሚንጠለጠል ሰው ግን ግትር ማድረግ ያለበቂ ምክንያት እርምጃውን ማሰር ነው። የሚያቆስሉት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የውስጥና የውጭ ቁርጭምጭሚት አጥንት፣ በትንሿ ጣት በኩል በእግሩ ጎን መሃል ላይ የሚጎላው አጥንት፣ ተረከዝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይልበሱት፤ አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ። የቀላው ቦታ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ድጋፉ ይመለስ፣ በሙቀት ይሰፋላቸዋል። «ይለምዱታል» ማለት አይሠራም። በስትሮክ የግራ ጎን ስሜቱ ከደከመ እርሳቸው ሳይሰማቸው ቆዳው ይላጣል።

ነጠላ ጫማ አይሆንም። ተረከዙን የሚይዝ፣ ከላይ በሰፊው የሚከፈት፣ በማሰሪያ ወይም በቬልክሮ የሚዘጋ ጫማ ግዙ፤ ለግራው እግር አንድ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ሮቦቱ። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ትልቁ አደጋ የመገጣጠሚያው አለመግጠም ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያው ባለቤት ልክ የተስተካከለ ነው። የሰው ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ነጥብ ላይ አይዞርም፣ እየታጠፈ ይንሸራተታል፤ የማሽኑ ግን በአንድ ነጥብ ላይ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በጥንቃቄ የተገጠመው እንኳ ትንሽ ይፋጫል። የማሽኑ ጉልበት ከሰውዬው ጉልበት 2 ሳንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የጭኑና የቅልጥሙ ማቀፊያ ቆዳውን ወደ ላይና ወደ ታች እየጎተተ ይልጠዋል። ሞተሩ ጠንካራ ስለሆነ ሰውዬው ሊቋቋመው አይችልም። አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይ በዚህ ምክንያት ቅልጥም የተሰበረባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

ለመግጠም የሚወሰዱት ልኮች የዳሌ ስፋት፣ ከዳሌው ጎን ከሚዳሰሰው ትልቅ አጥንት እስከ ጉልበት መታጠፊያ፣ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ጫማው ሥር፣ የጭንና የባት ዙሪያ ናቸው። ጫማው በተለወጠ ቁጥር የመጨረሻው ርዝመት ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ቮልት_220፦

ስለ ባትሪውና ስለ ኤሌክትሮኒክሱ እኔ ልመልስ።

ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። 100–240 ቮልት ካለ እኛ ጋ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ ወይም 100 ብቻ ካለ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል ስታቢላይዘር ይኑራችሁ፤ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉት፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰኩት።

ያገለገለ ሊቲየም ባትሪ ወራት ሙሉ ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ የመከላከያ ሰርኪዩቱ ይቆልፈዋል። «ቀስቅሰነዋል» ብሎ የሚሸጥ ካለ ተዉት፤ እስከ ጥግ የወረደ ሴል በግድ ሲሞላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህ ሰው ወገብ ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ዕቃውን ለጊዜው ካልተጠቀማችሁበት ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ከዜሮ በታችና ከ45 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ አይሞላ። ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት።

በአውሮፕላን ለማምጣት ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙ። ለምሳሌ 36 ቮልት ሲባዛ በ4 አምፔር ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ነው። እስከ 100 ድረስ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ትርፍ ባትሪ ከሁለት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ከሆነ ወንድምሽ አስቀድሞ ከአየር መንገዱ ጋር ይነጋገር። የሕክምና መሣሪያ ስለሆነም ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምን ወረቀት እንደሚፈልግ ይጠየቅ። ዕቃው ጉምሩክ ከገባ በኋላ ወረቀት ማፈላለግ ይከብዳል።

ለሻጩ ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች ይቅረቡ። የማስተካከያው ታብሌትና የይለፍ ቃሉ አብሮ አለ? ብዙዎቹ ማሽኖች የእርምጃ ርዝመትና ፍጥነት የሚስተካከለው በፋብሪካው ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ እሱ ከሌለ ማሽኑ በመጀመሪያው ባለቤት ልክ እንደተቆለፈ ይቀራል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ጉልበቱ ይቆለፋል ወይስ ይለቀቃል? የሚለቀቅ ከሆነ ሰውዬው ወዲያው ይታጠፋል። ጉልበቱ ከመጠን በላይ እንዳይዘረጋ የሚያግደው ብረት ነው ወይስ ሶፍትዌር? ብረት መሆን አለበት፤ ሴንሰር ሲሳሳት ሶፍትዌሩም አብሮ ይሳሳታል። መለዋወጫ ማሰሪያና ባትሪ እስከ መቼ ይመረታል? አገር ውስጥ የሚጠግን ከሌለ አንዲት ገመድ ስትበጠስ ማሽኑ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።

ዋጋውን ለማወዳደር፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ2024 ለአዲስ ሪዎክ የወሰነው ክፍያ ወደ 91,000 ዶላር ነው። በጣም በርካሽ የሚሸጥ ካያችሁ ምን እንደጎደለው ጠይቁ።

መናኸሪያ_ጋር፦

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። የአጎቴ ልጅ 27 ዓመቱ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ደረቱ ታችኛው ክፍል ላይ ከተጎዳ ሦስት ዓመት ሆነው። እጆቹ ጠንካራ ናቸው፤ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ለእሱስ?

ፊዚዮ_አሞራ_ገደል፦

ለእሱ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትልልቆቹ ማሽኖች የተሠሩት ለእንደ እሱ ዓይነቱ ጉዳት ነው። ሆኖም ሦስት ዓመት ያልቆመ ሰው ተነስቶ አይገባበትም። መጀመሪያ የአጥንት ጥንካሬው ይታይ፤ ከጉዳት በኋላ ከወገብ በታች ያለው አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። የአልጋ ቁስል፣ ያልዳነ ስብራት፣ ዳሌና ጉልበት ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ከሆነ፣ ወይም በጣም ኃይለኛ የጡንቻ መገታተር ካለ አይፈቀድም። ለሪዎክ ቁመቱ ከ160 እስከ 190 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ እስከ 100 ኪሎ መሆን አለበት።

አሁኑኑ የሚጀመረው መቆም ነው። በማዘንበያ አልጋ ወይም ጉልበትና ዳሌ በሚይዝ መቆሚያ ተጀምሮ፣ የደም ግፊቱ እየታየ፣ ከጥቂት ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ ይደርሳል። በዚያውም ዳሌና ጉልበቱ ይዘረጋል።

ማሽኑን ቢያገኝም ዊልቸሩን አይተካም። እንዲህ ባሉ ማሽኖች የተገኘው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ሩብ ሜትር አካባቢ ነው፤ 10 ሜትር ለመሄድ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መርገጫው ከመሬት የሚነሳው ጥቂት ሳንቲሜትር ስለሆነ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ጥሩ የአየር ትራስ ያለው፣ ለሰውነቱ የተለካ ዊልቸር ቀዳሚ ይሁን።

ታቦር_ሥር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ለካን። 10 ሜትሩ 34 ሰከንድ፤ ተነስቶ መመለሱ 38 ሰከንድ። ግፊታቸው ተኝተው 138/84፣ ቆመው በ3ኛው ደቂቃ 130/82። ቁርጭምጭሚቱ ጉልበታቸው ተዘርግቶ 90 ዲግሪ አይደርስም፤ ሲታጠፍ ግን ይደርሳል። የሶፋው ከፍታ 38 ሳንቲሜትር ነው። ወንድሜም ግዢውን አቁሟል።

ፊዚዮ_አሞራ_ገደል፦

ግፊታቸው መልካም ነው። ሶፋው ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። መቀመጫን ከፍ ማድረግ ብቻውን ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ 60 በመቶ፣ ዳሌ ላይ የሚያርፈውን እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ማንኛውም ሞተር የሚሠራውን ሥራ አራት የእንጨት ጉማጆች ይሠሩታል ማለት ነው። ሁለት ክንድ ያለው፣ ስፖንጁ የማይሰምጥ ወንበር ሆኖ ከፍታው 50 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን፤ ሲቀመጡ እግራቸው ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለበት። ጉማጆቹ የወንበሩ እግር የሚገባበት ጉድጓድ ይኑራቸው፣ አለበለዚያ ሊሾ ላይ ይንሸራተታሉ። በርጩማ ላይ ቡና እንዲጠጡ አታስቀምጧቸው፤ ከዚያ ማስነሳት ለእርሳቸውም ለሚያነሣቸውም አደጋ ነው። ሲያነሱ ግራ እጃቸውን አትጎትቱ፣ ትከሻው ይወልቃል።

ሽንት ቤቱ ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ የብረት ወንበር ይቀመጥ። ከቱቦላሬ ማሠራት ይቻላል፤ ከፍታው ከ45 እስከ 50፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርጋ ያሉ፣ ጎማ ያላቸው ይሁኑ። በቀኝ እጃቸው የሚይዙት ብረት ግድግዳ ላይ ይታሰር። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር አይይዝም፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልታችሁ አድርቁት፣ ወይም ቡሎኑን በግድግዳው አሳልፋችሁ በወዲያ በኩል በላሜራ አጥብቁት። ከዘራው በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው፤ ቁመቱ እጃቸው በጎናቸው ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ጋ ይድረስ። የታችኛው ጎማ ካለቀ ኮብልስቶን ላይ ያዳልጣል፣ ይቀየር።

ጄሶና_ፕላስቲክ፦

ስለ ቁርጭምጭሚቱ የጻፍሽው በጣም ጠቃሚ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ የሚደርስ፣ ሲዘረጋ የማይደርስ ከሆነ ያጠረው ከጉልበት በላይ የሚጀምረው የባት ጡንቻ ነው። ይህንን ጄሶ ለሚጠቀልለው ባለሙያ ንገሩት። በግድ 90 ላይ ካሰረው ተረከዙ ድጋፉ ውስጥ ይነሳል፣ የእግሩ መሃል ወደ ታች ይለመጣል፣ ሲረግጡም ጉልበታቸው ወደ ኋላ ይወረወራል። ትክክሉ አሁን በሚደርስበት ማዕዘን መጠቅለልና የቀረውን ክፍተት ከተረከዙ ሥር በሽብልቅ መሙላት ነው። የግራው ከፍ ስለሚል የቀኙ ጫማም በዚያው ልክ ከሥሩ ይጨመርበት፤ አለበለዚያ ዳሌያቸው ይዘማል።

ጡንቻውን ለማርዘም 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አንድ ጫፉን 5 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ አሠሩ፤ ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ጣታቸው ከፍ ባለው በኩል፣ ተረከዛቸው ዝቅ ባለው በኩል ሆኖ፣ በቀኝ እጃቸው ጠንካራ ነገር ይዘው፣ ሰው በግራቸው ቆሞ፣ በቀን 10 ደቂቃ ይቁሙበት። ጉልበታቸው ወደ ኋላ ከተወረወረ ወይም ተረከዛቸው ከተነሳ ከፍታውን ወደ 3 ሳንቲሜትር አውርዱት። ከአራት ሳምንት በኋላ ማዕዘኑን እንደገና ለኩ። ለልክ ስትሄዱ ያንኑ የሚያደርጉትን ጫማ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱሪያቸውም ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ይሁን።